ወደ ካንሰርና ሥነ ልቦና ምርምር የሚያስገባው በር የት ነው?

ጥያቄው፦ «የጎንደር ነዋሪ ነኝ። በ2016 ዓ.ም. በሳይኮሎጂ ተመርቄያለሁ። እናቴ ባለፈው ዓመት በጡት ካንሰር ዐረፈች። ሳስታምማት በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ስለ ጭንቀቷ የጠየቃት ሰው አልነበረም። አሁን ሥነ ልቦናንና የካንሰር ሕክምናን አብሮ የሚያጠና የዩኒቨርሲቲ የምርምር ላብ ውስጥ ገብቼ መሥራት እፈልጋለሁ። ውጭ አገር ላሉ ሃያ ለሚሆኑ ፕሮፌሰሮች ኢሜይል ጻፍኩ፤ የመለሰልኝ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ቦታ የለም አለኝ። ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያለ ላብ አለ? ሐኪም ወይም ነርስ ስላልሆንኩ አይቀበሉኝም ይሆን? ሕልሜ አእምሮው የጠነከረ ሰው ካንሰርን እንደሚያሸንፍ በጥናት ማሳየት ነው።»

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ዐረፍተ ነገርሽ ልጀምር፤ እሱ ሳይስተካከል ሌላው ምክር አይጠቅምሽም። አእምሮው የጠነከረ ሰው ካንሰርን እንደሚያሸንፍ የሚያሳይ ማስረጃ የለንም። ሐሳቡ እንዲስፋፋ ካደረጉት ጥናቶች ዋናውን እ.ኤ.አ. በ1989 ያሳተመው ዴቪድ ስፒግል የተባለ አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ነው። የጡት ካንሰራቸው ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ከተሠራጨባቸው 86 ሴቶች ውስጥ በየሳምንቱ እየተገናኙ ሲወያዩ የቆዩት ካልተወያዩት በአማካይ እጥፍ የሚጠጋ ጊዜ ኖሩ የሚል ነበር። ብዙዎች ተስፋ አደረጉበት። እ.ኤ.አ. በ2001 በ235 ሴቶች ላይ ሲደገም ግን በሕይወት በቆዩበት ጊዜ ላይ የታየው ልዩነት ጠፋ። ስፒግል ራሱም ደግሞ ሞክሮት እ.ኤ.አ. በ2007 ልዩነቱን አለማግኘቱን አሳተመ። የ2001ዱ ጥናት ያረጋገጠው ሌላ ነገር ነው፦ በቡድኑ የተሳተፉት ሴቶች፣ በተለይም ሲጀምሩ በጣም ተጨንቀው የነበሩት፣ ጭንቀታቸው ቀለለ፤ ሕመማቸውም ቀነሰ።

ይህን አጥብቄ የምይዘው በዋርድ ውስጥ ጉዳቱን ስላየሁ ነው። «ልብሽ ካልደከመ ትድኛለሽ» ሲሏት የከረመች ሴት ዕጢው ሲያድግባት «የደከምኩት እኔ ነኝ» ብላ ራሷን ትከሳለች። በሽታው ሳያንሳት ጥፋተኛ ሆና ትሞታለች። እናትሽም ቢሆን ልቧ ስለደከመ አይደለም የሞተችው፤ ይህን ለአንቺም ብዬ ነው የምጽፈው።

ታዲያ ሥነ ልቦና ለካንሰር ታካሚ ምን ያደርግላታል? አንድ ያየሁትን ልንገርሽ። ከደምቢያ በየ21 ቀኑ ለኬሞ የምትመጣ እናት ነበረች። ቀዩን መድኃኒት፣ ዶክሶሩቢሲንን፣ ነው የምትወስደው። ከሦስተኛው ዙር ጀምሮ መርፌው ሳይነካት፣ ገና ኮሪደሩ ላይ የስፒሪቱ ሽታ ሲደርሳት ማስመለስ ጀመረች። በአንድ እጇ ሎሚ ጨብጣ፣ በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፍና፣ በሩ ጋ ስትደርስ ጉልበቷ ይከዳታል። በአራተኛው ዙር አልመጣችም። ልጇ «መድኃኒቱ ጠልቷታል» አለን። የሆነው ግን አንደኛ ዓመት ላይ የተማርሽው የፓቭሎቭ ነገር ነው፦ ሽታው ከማቅለሽለሹ ጋር ተደጋግሞ ስለመጣ ብቻውን ማስመለስ ቻለ። ለዚህ ደግሞ መፍትሔ አለው። ጡንቻን ደረጃ በደረጃ ማዝናናትንና የሚያስፈራውን ነገር በሐሳብ ቀስ በቀስ መለማመድን ያጣመረ ዘዴ እንደሚረዳ እ.ኤ.አ. በ1982 በታተመ ጥናት ታይቷል። መማር ለሚፈልግ ነርስ ይህን ማሳየት ይቻላል፤ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ያቋረጠችውን ኬሞ ጨረሰች ማለት የምትፈልጊውን ውጤት አገኘሽ ማለት ነው። ሥነ ልቦና የሰውን ዕድሜ ሊነካ ከቻለም እንዲህ ባለው መንገድ ነው፤ ሕክምናዋን ሳታቋርጥ እንድትጨርስ በማድረግ።

ወደ «ላብ» እንምጣ። ቃሉ ያሳስታል። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሳይኮሎጂ ላብ የሚባለው የአንድ ፕሮፌሰር የምርምር ቡድን ነው፤ ገንዘብ ያመጣው ዋና ተመራማሪ፣ የፒኤችዲና የማስተርስ ተማሪዎች፣ ተቀጣሪ ረዳቶችና በጎ ፈቃደኞች ያሉበት፣ በየሳምንቱ የሚሰበሰብ ቡድን። ገንዘቡ ሲያልቅ ቡድኑም ይበተናል። አንቺ የጻፍሽላቸው ሰዎች የዘጉብሽ በር የለም፤ ብዙዎቹ ለራሳቸው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንኳ ቦታ ያጥራቸዋል። ሌላም ምክንያት አለ። የታካሚ መረጃ፣ የምርምር ሥነ ምግባርን የሚገመግመው ቦርድ ላልፈቀደለት ሰው አይላክም፤ ስለዚህ ከጎንደር ሆነሽ በርቀት ልትሠሪላቸው የምትችዪው ቢኖር ጽሑፍ መፈለግና ማበጠር ነው። እሱም ጥሩ ልምድ ነው፤ ታካሚ አጠገብ ግን አያደርስሽም።

እኛ ዘንድ በር ላይ «የሳይኮ-ኦንኮሎጂ ላብ»፣ ማለትም የካንሰር ሥነ ልቦና ላብ፣ የሚል ጽሑፍ ፍለጋ አትድከሚ። ሥራው ያለው ሰዎቹ ጋ ነው፦ የማስተርስ መመረቂያውን ኦንኮሎጂ (የካንሰር ሕክምና) ክፍል ውስጥ የሚሠራ ተማሪ፣ በሳይካትሪ ወይም በነርሲንግ ትምህርት ክፍል ፕሮፖዛል ያጸደቀ መምህር፣ በማኅበረሰብ ጤና ስለ አስታማሚዎች የምታጠና የፒኤችዲ ተማሪ። ጎንደር ለዚህ ሥራ ባዕድ አይደለችም። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲቋቋም ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያውን (ሳኒተሪያኑን) አብረው ወደ ጤና ጣቢያ እየላከ ያሠለጥን ነበር፤ ቲም ትሬኒንግ የሚባለው ልማድ ከዚያ የመጣ ነው። ከዚያ ቡድን የጎደለው የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። ማራኪ ግቢ የሚማረው የሳይኮሎጂ ተማሪ አራት ዓመት ሙሉ ሆስፒታሉን ሳይረግጥ መመረቁ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ሐኪም ወይም ነርስ አለመሆንሽ አያግድሽም። እንዲያውም ቡድኑ የሚያጣውን ነገር ይዘሽ ትመጪያለሽ፤ እሱም መጠይቅ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅና የሕዝቡ አማርኛ ነው። ምሳሌ ልስጥሽ። በካንሰር ታካሚዎች ላይ ጭንቀትና ድባቴን ለመለካት በብዛት የሚሠራበት እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ሃድስ የሚባለው መጠይቅ ነው። አሥራ አራት ጥያቄዎች አሉት፤ ሰባቱ ለጭንቀት፣ ሰባቱ ለድባቴ። የተመረጠበትም ምክንያት አለው፦ የምግብ ፍላጎት ማጣትንና የእንቅልፍ መዛባትን አይጠይቅም። እነዚህን በሌላው የድባቴ መጠይቅ፣ በፒኤችኪው-9፣ ብትጠይቂ የድባቴ ነጥቧ ከፍ ይላል፤ ያስከተለው ግን ኬሞው ሊሆን ይችላል። ከሃድስ ጥያቄዎች አንዱ ታዲያ ሆድ ውስጥ ቢራቢሮ የሚርገበገብ ያህል ስለሚሰማ ፍርሃት ነው። ቃል በቃል ብትተረጉሚው ከበለሳ የመጣች እናት ግራ ትጋባለች። የኛ ሰው «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ነው የሚለው። ይህን ቃል ከመዝገበ ቃላት የሚያወጣው የለም፤ አያቱ ሥር ተቀምጦ ያደገ ሰው ነው የሚያውቀው። ሃድስ ኢትዮጵያ ውስጥ ቫይረሱ በደማቸው ባለ ሰዎች ላይ ተፈትሾ እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ ታትሟል፤ ለኤችአይቪ ታካሚ የሠራ ግን ለካንሰር ታካሚም እኩል ይሠራል ብሎ መዝለል አይቻልም። መጠይቁ የባለቤት ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ደግሞ አትርሺ፤ ፒኤችኪው-9 ግን ነፃ ነው።

ቃሉ ብቻ ሳይሆን አጠያየቁም ዕውቀት ይፈልጋል። «እንዴት ነሽ?» ስትያት «ተመስገን፣ ደኅና ነኝ» ትልሻለች። ማማረር ፈጣሪን ማሳዘን መስሎ ይሰማታል። ልምድ የሌለው መረጃ ሰብሳቢ «ጭንቀት የለባትም» ብሎ ዜሮን ያከብባል። ጥቂት ዝም ብሎ የሚጠብቅ ግን «ሌሊት ሌሊት ግን…» ብላ የምትጀምረውን ይሰማል። ትልልቅ ሰንጠረዥ ያላቸው ጥናቶች ሲሳሳቱ ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

እኔም የተሳሳትኩበትን ልንገርሽ፤ አንቺ እንዳትደግሚው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ ስሙን በማልጠቅሰው ሆስፒታል፣ መጠይቅ ይዤ አንዲት ወጣት አልጋ አጠገብ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር «ካንሰር እንዳለብዎ ካወቁ ስንት ጊዜ ሆነዎት?» የሚል ነበር። አልተነገራትም ነበር። አባቷ ለሐኪሙ «እባክህ እንዳትነግራት» ብሎ ለምኖ፣ እሷ «ዕባጭ ነው» ተብላ ነው የምትታከመው። ከእኔ አፍ ሰማችው። አባትየው ከበሩ ላይ እንደቆመ ፊቱ ሲለወጥ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ስምምነት ቅጹን አስፈርሜያለሁ። በቅጹ ላይ ግን «በሆስፒታሉ የሚታከሙ ሰዎች» ነው የሚለው፤ የሕመሟን ስም ታውቅ እንደሆነ ያጣራሁት ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ማንም አብሮኝ የሚሠራ ሰው ከታካሚ ጋር ከመገናኘቱ በፊት የዋርዱን ነርስ «ተነግሯታል?» ብሎ ሳይጠይቅ አይገባም። ታካሚዋንም ስለ ሕመሟ ሐኪሙ ምን እንደነገራት በራሷ አንደበት እንድትነግረን እናደርጋለን፤ በጠራችው ስም እንጠራዋለን።

ይህን የቤተሰብ ምስጢር እንደ ኋላ ቀርነት የሚቆጥሩ አሉ። አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ጥናት 90 በመቶ የሚሆኑት ሐኪሞች ካንሰርን ለታካሚው አለመንገር እንደሚመርጡ ተናግረው ነበር፤ በ1979 ሲጠየቁ 97 በመቶው እንነግራለን አሉ። በመሃል የተለወጠው ብዙ ነው፤ ሕክምናው ተሻሻለ፣ የታካሚው መብት ጎላ፣ የሚነገርበትም መንገድ መጠናት ጀመረ። ጂሚ ሆላንድ የተባለችው የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1977 ኒው ዮርክ በሚገኘው የካንሰር ሆስፒታል የታካሚዎችን ሥነ ልቦና የሚከታተል ክፍል ያቋቋመችው በዚሁ ለውጥ መሃል ነው። የኛ ቤተሰቦች የሚደብቁት «ከሰማች ተስፋ ትቆርጣለች» ብለው ነው፤ ከፍቅር ነው። እውነት ትቆርጣለች ወይስ ሳይነገራት ጠርጥራ ብቻዋን ትጨነቃለች የሚለው በጎንደርና በአካባቢዋ በደንብ ሊጠና የሚገባው ጥያቄ ነው። ጠበልና ኬሞን አብሮ ማስኬድም እንዲሁ። ጠበል የሄደች ታካሚ ቀጠሮዋን ስታሳልፍ የንስሐ አባቷ አብረው ቢመክሩ ምን ይሆናል? በጾም ወተት እንድትጠጣ እሳቸው ሲፈቅዱላት እኛ ሃምሳ ጊዜ ከምንነግራት ይልቅ ትሰማለች። አስታማሚዎችም አሉ፤ ከመተማና ከቋራ መጥተው ወለል ላይ ካርቶን አንጥፈው የሚያድሩ፣ ከብቱን የሸጡ፣ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ቀጠሮ የሚያልፋቸው። የእነሱን ድባቴ የሚለካ እምብዛም የለም። የጨረር ሕክምና ፍለጋ አዲስ አበባ የሚሄዱትማ፣ ለብዙ ዓመታት አገሪቱ ውስጥ ጥቁር አንበሳ ብቻ ስለነበር፣ ወረፋ መጠበቅ ራሱ በሽታ ሆኖባቸው ኖሯል።

አንድ ነገር ከሁሉ በፊት ልታውቂ ይገባል። ሕመሙ ሳይታገስ የሚለካ ድባቴ ትርጉም የለውም። ሌሊቱን ስትቃትት ያደረችን ሴት «ተስፋ ይሰማሻል?» ብሎ መጠየቅ ግፍ ነው። መጀመሪያ ማስታገሻዋን ያገኘች እንደሆነ ጠይቂ፤ ካላገኘች መጠይቁን አስቀምጠሽ ሐኪሟን ጥሪ። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት 151 የሳንባ ካንሰር ታማሚዎች ተሳትፈው፣ በሽታው እንደታወቀ ወዲያው የማስታገሻ ክብካቤ የተጀመረላቸው ድባቴያቸው ቀንሶ፣ ኑሯቸው ተሻሽሎ፣ ዕድሜያቸውም በጥቂት ወራት ረዝሞ ተገኝቷል። የሕመም ማስታገሻው፣ ምክሩና ውሳኔ ላይ ማገዙ አብረው የሠሩት ነው። ከሕልምሽ ጋር የሚቀራረብ ማስረጃ ከፈለግሽ ይኸውልሽ፤ የሚያሳየው የክብካቤን ኃይል ነው።

ገደቦቹን በግልጽ ልንገርሽ። ተመራማሪ ሆነሽ ስትገቢ አማካሪ አይደለሽም። ታካሚዋ ስታለቅስ ወረቀቱን አስቀምጠሽ አብረሻት ትቀመጫለሽ፤ ሕክምና ግን አትጀምሪም። በፒኤችኪው-9 ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ራሷን ስለመጉዳት ካሰበች፣ ያን ቀን፣ ከዋርዱ ሳትወጪ፣ ለተመራማሪውና ለሳይካትሪ ክፍል ታሳውቂያለሽ። ለዚህ የተዘጋጀ መስመር የሌለው ጥናት ውስጥ አትግቢ፤ ተመራማሪው «እሱን በኋላ እናየዋለን» ካለሽ ተነሺና ሂጂ። የሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድ ያላጸደቀውንም እንደዚሁ። የታካሚ ስም ያለበት ወረቀት ቤት አይገባም፣ ቃለ መጠይቅ በግል ስልክ አይቀዳም። ገንዘብ ከፍለሽ ቡድን ውስጥ እናስገባሻለን የሚሉ ካሉ አጭበርባሪዎች ናቸው። መረጃ መሰብሰብ ብቻውን በኅትመት ላይ ስም አያሰጥም፤ ምስጋና ያሰጣል። ስምሽ እንዲገባ ከፈለግሽ በትንተናውና በጽሑፉ መሳተፍሽን ከመጀመሪያው ቀን ተነጋገሪበት፣ በጽሑፍም አኑሪው። ስለ ክፍያ ደግሞ አትፈሪ፤ መረጃ ሰብሳቢ አበል ያገኛል፣ በጎ ፈቃደኛ ግን አያገኝም፤ የትኛው እንደሆንሽ ጠይቀሽ እወቂ።

ስለ እናትሽ። ሐዘን ይህን ሥራ አይከለክልም፤ ብዙዎቻችንን ወደዚህ ያመጣን እሱ ነው። ነገር ግን ገና ዓመት አካባቢ ነው። በእናትሽ ዕድሜ ያለች፣ በእናትሽ በሽታ የተኛች ሴት ፊት ስትቀመጪ የምትሰሚው የሷን ድምፅ ነው ወይስ የእናትሽን? መለየት ካቃተሽ የምትጽፊው መረጃ ይዛባል፤ አንቺም ትጎጃለሽ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ወራት ከጡት ካንሰር ታካሚዎች ጋር ፊት ለፊት አትሥሪ። ይህን ለሚያሠራሽ ሰው በግልጽ ንገሪው። ልምድ ያለው ሰው ይረዳሻል፤ ካልተረዳሽ እሱ ጋ መሥራት የለብሽም።

የምመክርሽ አንድ መንገድ ነው፤ ሌላ አማራጭ አልደረድርልሽም። የራስሽን ርዕስ ይዘሽ አትሂጂ፤ የውጭ ኢሜይሉንም ለአሁኑ ተዪው። እዚሁ ጎንደር በካንሰር ታካሚ ወይም በአስታማሚ ላይ ቃለ መጠይቅ የተደረገበት፣ በመሠራት ላይ ያለ አንድ ጥናት ፈልጊና የተቀዳውን ወደ ጽሑፍ ልገልብጥላችሁ በይ። የአንድ ሰዓት ቅጂ ለመገልበጥ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል፤ በግዕዝ ፊደል መተየብ ላልለመደ ከዚያም ይበልጣል። ሁሉም ተመራማሪ የሚሸሸው ሥራ ስለሆነ እምቢ የሚልሽ አታገኚም። ላንቺ ደግሞ ከማንኛውም ኮርስ ይበልጣል፦ ታካሚዋ የት ላይ ዝም እንዳለች፣ ጠያቂው የት ላይ ቸኩሎ እንዳቋረጣት በጆሮሽ ትሰሚያለሽ። ምስጢር የመጠበቅ ውል ፈርመሽ፣ በቡድኑ ኮምፒውተር ላይ ሥሪ። ከሦስትና አራት ወር በኋላ ትርጉምና ኮድ ማውጣት (የተባለውን በየሐሳቡ ለይቶ ስም መስጠት) ይሰጡሻል፤ ከዚያ ቀጥሎ ከዋርዱ ጋር የሚያስተዋውቅሽ ሰው አለሽ፣ ለማስተርስም የምክር ደብዳቤ የሚጽፍልሽ። የውጩ ፕሮፌሰር ያኔ ኢሜይልሽን ይከፍተዋል፤ በአማርኛ ቃለ መጠይቅ ገልብጣ፣ ተርጉማ፣ ኮድ ያወጣች ሰው በየቀኑ አይጻፍለትም።

ሰውዬውን ስትመርጪ በቅርብ ያሳተመውን አንድ ሁለት ጽሑፍ አንብቢ፤ ቢሮው በአካል ሂጂ፤ አንድ ገጽ ደብዳቤ ያዢ። ስለ እናትሽ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል። ስለ ፍላጎትሽ ረጅም አትጻፊ፤ በሳምንት የትኞቹን ቀናትና ስንት ሰዓት መምጣት እንደምትችዪ፣ በደቂቃ ስንት ቃል እንደምትተይቢ ጻፊ። ፍጥነትሽን ዛሬ ማታ ለክተሽ እወቂው፤ ከሃያ በታች ከሆነ ሁለት ሳምንት ተለማመጂና ሂጂ።